ቆዩ፣ እየጠየቅን ነው

የጽጌን መሞት የነገረኝ ኢልሚ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ደውሎ፣ እንደ አገሩ ደንብ ወሬውን በተራ በተራ ነገረኝ። ቤተሰቡ ደህና ነው። ግመሎቹ ወልደዋል። ደጋው ላይ ዝናብ ጀምሯል። መንገዱ እስከ ደምበል ድረስ ደህና ነው። ሶማሌ ወሬ ሲነግርህ አታቋርጠውም፤ ክፉው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ደህናው በረዘመ ቁጥር ልብህ እየፈራ ይሄዳል። ኢልሚ ስለ ግመሎቹ ሁለተኛ ጊዜ ሲነግረኝ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

በመጨረሻ፣ "ጽጌ ድሬዳዋ ላይ አርፋለች። ትናንት ተቀበረች" አለኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። እሷ የሠራችው ገጽ ተከፍቶ፣ አንድ የማላውቀው ሾፌር የጠየቀውን መንገድ መሳል ጀምሮ ወንዙ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ከሥሩ ራሷ የጻፈችው ቃል ይነበባል፦ "ቆዩ፣ እየጠየቅን ነው።"

ሥራችን የመንገድ ካርታ ነው። ከብት ነጋዴውና ሾፌሩ በስልኩ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሲጽፍ መንገዱን በመስመር ስሎ የሚያሳየው ድረ ገጽ አለን። እኔ ጂጂጋ ቢሮ ቁጭ ብዬ የደንበኛ ስልክ አነሳለሁ፤ ስድብ ተቀባይ ብባል ይቀላል። በዚያን ጊዜ ስድቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ገጹ አይከፈትም። አንድ የሀርሺን ነጋዴ፣ ካርታችሁ መንገዱን እስኪያሳየኝ በጎቼ ራሳቸው ቶጎጫሌ ደርሰው ተሸጡ ብሎኛል። የድርጅቱ ባለቤት አቶ አብዲናስር ይህን ሲሰማ ስቆ ሳያበቃ ነው ጽጌን ፍለጋ የሄደው።

ጽጌ ጂጂጋ ተወልዳ ያደገች የወታደር የልጅ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምራ፣ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርታ፣ እናቷን ብላ ተመልሳለች። ሶማሊኛዋን የሰማ ሰው ክርስቲያን መሆኗን የሚያውቀው አንገቷ ላይ ማተቡን ሲያይ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ ነበር የምትሠራው። ጫማዋን ካጠለቀች ተቆጥታለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አቶ አብዲናስርም ከክፍሉ አይወጣም። ከውጭ የገባውን ሁሉ፣ ጥበቃውን ሳይቀር፣ ከሰላምታ አስቀድማ በየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው ትለዋለች። እኔን ከቀበሌ አሥራ ምናምን በእግሬ ስመጣ እንኳ ትጠይቀኝ ነበር። ስቀልድባት፣ "አንተ ሳቅ፤ ያልጠየቁት መንገድ ነው ሰው የሚበላው" ትለኛለች።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሥራ አይመስልም ነበር። የተሰጣትን አዲስ ላፕቶፕ ገፋ አድርጋ ከገበያ አንድ አሮጌ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ገዛች። ደንበኛዬ የያዘው ይኼንን ነው አለች። ከዚያ እኔን አስከትላ ሀርሺን ሄደች። ከብት ተራው ዳር አንድ ነጋዴ ገጻችንን ሲከፍት ከኋላው ቆመን አየነው። ሰውዬው ስልኩን ነካ፤ የመጠበቂያዋ ክብ መዞር ጀመረች። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ሻይ አዘዘ፣ ጠጣ፣ ከአንድ ዘመዱ ጋር ተጨቃጨቀ፣ ታረቀ። ስልኩን ሲያወጣ ክቧ አሁንም ትዞራለች። ጽጌ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ዞር አለች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጉዱን ነገረችኝ። ገጻችን ለዚያ ሰው መንገዱን ከማሳየቱ በፊት የመላ አገሪቱን የሳተላይት ፎቶ ሊያወርድለት ይታገል ነበር። "ብርሃኑ፣ ጣና ሐይቅ ለሀርሺን በግ ነጋዴ ምን ያደርግለታል?" አለችኝ። ፎቶውን አነሳችው። ካርታውን በትናንሽ ካሬ ቆራርጣ፣ በስልኩ መስኮት የሚታየው ብቻ እንዲመጣ አደረገች። ብዙ ሰው የሚጠይቃቸውን መንገዶች ማሽኑ አስቀድሞ አስልቶ እንዲያስቀምጣቸው አደረገች። በዚያ ስንጥቅ ስልክ ላይ ሞክራ ካልፈጠነ እንደገና ትጀምረዋለች። ስድቡ እየቀነሰ ሄደ። ነጋዴዎቹ ዝም አሉ፤ እዚህ አገር ነጋዴ ዝም ካለ አመሰገነ ማለት ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ሆን ብላ ሳታፈጥነው ተወችው። ያ ቦታ ወንዙ ነው።

ከደወሌ ወደ ጂጂጋ የሚመጣ ሾፌር ወይ አስፋልቱን ይዞ በድሬዳዋና በሐረር ይዞራል፣ ወይ በደምበል አድርጎ ሜዳውን ያቋርጣል። የደምበሉ ያሳጥራል፤ ነገር ግን መካከሉ ላይ ሰፊ ደረቅ ወንዝ አለ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ፍየል ይተኛበታል። ክፋቱ ውኃው የሚመጣው እዚያው ሲዘንብ አለመሆኑ ነው። የሐረርጌ ደጋ ላይ ይዘንባል፤ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ውኃው ድንጋይ እያንከባለለ ከተፍ ይላል። ሾፌሮች በዚያ ወንዝ ዳመና ካዩ ደስ ይላቸዋል፤ የሚፈሩት የጠራውን ሰማይ ነው።

በጂጂጋ በኩል ባለው ዳር ዛህራ የምትባል ባለሻይ አለች። ኤዶ ዛህራ እንላታለን፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ኤዶ ማንበብ ስለማትችል ጽጌ የራሷን ድምፅ ቀድታ ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። ሾፌር የደምበሉን መንገድ በጠየቀ ቁጥር ማሽኑ ለዛህራ ይደውላል፤ የጽጌ ድምፅ በሶማሊኛ "ወረን፣ ኤዶ? ወንዙስ?" ይላል። ወረን ማለት ወሬ ንገሪኝ ነው። ዛህራ ክፍት ከሆነ አንድ ቁጥርን፣ ከተዘጋ ሁለትን ትጫናለች። ካላነሳች መስመሩ አይሳልም፤ ገጹ ሾፌሩን በድሬዳዋ ዙር ይለዋል። ይህ ሁሉ እስኪሆን "ቆዩ፣ እየጠየቅን ነው" የሚለው ጽሑፍ ስልኩ ላይ ይቆያል።

ጽሑፉን ከየት እንዳመጣችው አንድ ቀን ነግራኛለች። በ2010 ክረምት ከተማችን የታወከች ሰሞን፣ እሷና እናቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሽተው ሊገቡ በለመዱት መንገድ ወጡ። ሶማሌዋ ጎረቤታቸው በር ላይ ያዘቻቸው። ቆዩ፣ ልጠይቅ አለቻቸው። ጥቂት ቆይታ ፊቷ ተለውጦ ተመለሰችና ወደ ራሷ ቤት አስገባቻቸው። በዚያ መንገድ ምን እንደነበረ ጽጌ አልነገረችኝም፤ እኔም ከተማው ውስጥ ስለነበርኩ አልጠየቅኋትም።

አቶ አብዲናስር ክፉ ሰው አይደለም። ሌላ ድርጅት ግን ጠቅ እንዳደረግኸው ወለል ብሎ የሚከፈት ካርታ አወጣና ደንበኞቻችን ወደዚያ መንጠባጠብ ጀመሩ። አንድ ቀን ጽጌ ጠረጴዛ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"ወንዙ እኮ ደረቅ ነው፤ ለምን በየጊዜው ትጠይቂዋለሽ?" አላት።

"ደረቅ መሆኑን ማን ነገረዎት?"

"ዛህራ።"

"መቼ?"

ጽጌ እጇን ወደ ጫማዋ ስትልክ አይቶ ሄደ።

በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ እናቷ ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ታመው ጽጌ ልታስታምም ሄደች። አቶ አብዲናስር ከአዲስ አበባ ሁለት ባለሙያዎች አስመጣ። ጨዋ ልጆች ነበሩ፤ ሥራቸውንም ያውቃሉ። ገጹን ፈትሸው መዘግየቱ ወንዙ ጋ ብቻ መሆኑን ወዲያው አገኙት። መፍትሔያቸው ቀላል ነበር፤ ለዛህራ መደወሉ ይቅር፣ ገጹ የዛህራን የመጨረሻ መልስ ያስታውስ፣ ለሾፌሩ እሱን ወዲያው ያሳይ። ወንዙ ሲሞላ ዛህራ ራሷ ትደውላለች። ካልደወለች ምንም አልተለወጠም ማለት ነው።

እነሱ ባደጉበት አገር ትክክል ይሆናል። እዚህ ግን ወሬ ይጠየቃል እንጂ አይጮህም። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወረን ይባባላሉ፤ የተጠየቀ የሚያውቀውን ሁሉ ይናገራል፤ ምላሱ ላይ ያለውን ክፉ ወሬ እንኳ ሳይጠይቁት አይተፋውም። ዛህራ ደግሞ የምታውቀው ያንን ድምፅ ነው። ድምፁ ሲጠይቃት ትመልሳለች። ወዴት፣ ለማን ትደውል? አቶ አብዲናስር ይህን ደንብ ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ ያን ሰሞን ግን ዓይኑ የሚያየው የሌላውን ድርጅት ገጽ ነበር።

ገጹ ፈጠነ። ወንዙን እንዳላየ ዘሎ እስከ ጂጂጋ አንድ ረጅም አረንጓዴ መስመር ይስላል። የእኔም ስልክ ዝም አለ። ልጆቹ ምሳ ተጋበዙ፤ ተመሰገኑ፤ በአውሮፕላን ተሸኙ።

ጽጌ የተመለሰች ዕለት ፀሐዩ ሌላ ነበር። ካራማራ ተራራ ላይ አንድ ጥፍር የምታክል ዳመና አልነበረችም። ገብታ ተቀመጠች፣ በዚያች ስንጥቅ ስልኳ ከደወሌ ጂጂጋ ብላ ጻፈች። መስመሩ ወዲያው ተሳለ። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ፤ ጫማዋን አላወለቀችም።

"ወንዙን ማን ጠየቀው?" አለች።

ልጆቹ ያደረጉትን ነገርኳት። ወዲያው ዛህራ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ሁላችን እንድንሰማው ከፍ አደረገችው። አቶ አብዲናስርም ከክፍሉ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

"ወረን፣ ኤዶ?"

ዛህራ ማልቀስ ጀመረች። "ጽጌ፣ አለሽ እንዴ? ድምፅሽ ሲጠፋብኝ የሞትሽ መስሎኝ ነበር" አለች።

"አለሁ። ወንዙስ?"

"ከትናንት ጀምሮ ከላይ ያጉረመርማል። አሁን ሽታው መጥቷል። ማንም እኮ አልጠየቀኝም።"

ጽጌ ከመቀመጫዋ ተነስታ ቆመች። ከማዶ መኪና ይታይሽ እንደሆነ ብላ ጠየቀቻት። ዛህራ፣ ሁለት ከባድ መኪና አቧራ እያስነሳ ወደ ወንዙ እየወረደ መሆኑን ነገረቻት። ፊተኛውን የሚነዳው ጉሌድ ነበር፤ ኋለኛውን ጓደኛው ኢልሚ። ሁለቱም ጠዋት ደወሌ ላይ ገጻችንን ከፍተው አረንጓዴውን መስመር አይተዋል። ጽጌ የሁለቱንም ስልክ እንድሞክር በእጇ ጠቆመችኝ፤ ሞከርኩ፤ ከዛህራ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ኔትወርክ የለም። ዛህራን ሩጪና ሻሽሽን እያውለበለብሽ አስቁሚያቸው አለቻት።

ዛህራ ስልኩን ሳትዘጋው ሮጠች። እኛ ጂጂጋ ቢሮ ውስጥ ቆመን የትንፋሿንና የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ሰማን። ከዚያ ጩኸቷን። ከዚያ ክላክስ ተነፋ፤ ሁለቴ፣ አጠር አጠር ብሎ፣ ሰላምታ የሚሰጥ ሾፌር እንደሚነፋው። ጉሌድ ሁልጊዜ እዚያ ሻይ ይጠጣ ስለነበር፣ ዛህራ ሻሿን ስታውለበልብ ሻይ ግባ የምትለው መስሎታል። የመለሰላት ደስ ብሎት ነው። ከክላክሱ በኋላ ሌላ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ኔትወርኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ውኃው ነበር። እሱን ብቻ ስንሰማ ቆየን። ስልኩን ለመዝጋት ከመካከላችን የደፈረ አልነበረም።

ኢልሚ ከኋላ ስለነበር አይቶ ፍሬን ያዘ። ጉሌድን ከብት ጠባቂዎች ከመሻገሪያው ብዙ ወደ ታች አሸዋ ውስጥ አገኙት።

አቶ አብዲናስር በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ይዞ ከጉሌድ ቤተሰብ ፊት ተቀመጠ። እኔ ሥራው ላይ እስካለሁ የወንዙን ጥያቄ ማንም አይነካውም ብሎ ማለ፤ መሐላውንም ጠብቋል። ጽጌ ግን የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ውኃው ገና ሳይጎድል ገጹን ወደ ቀድሞው መልሳው ነበር። አልጮኸችም፣ ማንንም አልሰደበችም። ከቢሮው አንዱ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ምን ይደረጋል፣ ውኃ ነው፣ የአላህ ሥራ ነው ሲል ሰማችው።

"ውኃ ገደለው አትበሉ" አለች። "ቶሎ የመጣ መልስ ነው የገደለው።"

ከዚያ በኋላ ጫማዋን አውልቃ ስትሠራ አላየኋትም። ቀልዷም ቀነሰ። አንዳንዴ መንገድ ላይ መኪና ክላክስ ሲነፋ እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ይቆማል፤ ያ ድምፅ እኔም ጆሮ ውስጥ ስላለ ቀና ብዬ ሳላያት አውቀዋለሁ። ከእኛ ጋር ጥቂት ዓመት ሠራች። ኩላሊቷን ሲያማት ለሕክምና ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ገባች፤ ከዚያም ሆና ትደውልልኛለች። እኔ ስለ ጤናዋ ስጠይቃት እሷ ስለ ወንዙ ትጠይቀኛለች። በጣም እወዳት ነበር። ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፤ ብነግራት በየት በኩል መጣህ ትለኝ ነበር።

አሁን አቶ አብዲናስር አርጅቶ ሥራውን ለወንድሙ ልጅ አስረክቧል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የጉሌድን ታሪክ ሰምቷል፤ እንደ ድሮ ወሬ ነው የሚሰማው። በዚህ ሳምንት ሰብስቦን፣ በዚህ ዘመን ባለሻይ እየጠየቀ የሚሠራ ካርታ የት አገር አለ አለን። በደጋው ላይ ያለውን ዝናብ ሳተላይት ይነግረናል፣ ድምፁም ጥሪውም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ይቁም ብሎ ወሰነ። እኔ ሳተላይት ያንን ወንዝ አያሸተውም ብዬ ተከራከርኩ። ፈገግ ብሎ፣ ጋሼ ብርሃኑ፣ እርስዎ ስልኩን ያንሱ፣ ይበቃል አለኝ።

ኢልሚ መርዶውን የነገረኝ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ነው። ለዛህራ የሚነግራት ሰው እኔ መሆን እንዳለብኝ ስላወቅሁ ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ደወልኩላት። በደንቡ መሠረት ስለ ቤቴ ነገርኳት። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ከተማው፣ ስለ ገበያው ነገርኳት። እሷም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ ወሬው ሲረዝምባት ትንፋሿ እየከበደ ሲመጣ ይሰማኛል። የሚነገር ደህና ወሬ ሲያልቅብኝ፣ "ኤዶ፣ ጽጌ ሞታለች" አልኳት።

"ዛሬ ጠዋት እኮ ጠይቃኛለች" አለች።

"ድምጿ ነው፣ ኤዶ።"

"ድምጿ መሆኑን አውቃለሁ። ያኔ ዝም ስትልብኝ ሞተች ብዬ አለቀስኩ፤ እሷ ሳትሞት ጉሌድ ሞተ። አሁን ሞተች ትለኛለህ፤ እሷ ግን ጠይቃኛለች፣ እኔም መልሼላታለሁ።" ቀጥላም ጠየቀችኝ፦ "ዝም ታስብሏታላችሁ?"

እኔ እያለሁ አይሆንም አልኳት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ሰኞ ማሽኑን የሚነካው እኔ አለመሆኔን፣ እኔ ስልክ ከማንሳት በቀር ምንም ሥልጣን እንደሌለኝ አልነገርኳትም።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ሰማዩ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ጥርት ብሏል" አለችኝ።